ተራራው ሲራቆት

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ዝናብን በሁለት ልብ ነው የሚጠብቀው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ቆርቆሮው ሲግል፣ ሌሊቱን ደጅ አንጥፈን እየተገላበጥን ስናድር፣ "አቦ ምናለ አንድ ቀን እንኳ ቢዘንብ!" እንላለን። ደመናው ከከተማችን በላይ ባለው ተራራ፣ በደንገጎ በኩል ሲጠቁር ግን ሐሳባችን ይቀየራል። ዓይናችን ከሰማዩ ይልቅ ደቻቱን ያያል።

ደቻቱን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ወንዝ ይባላል እንጂ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን የከተማዋን ሁለት ወገኖች ለይቶ ያልፋል። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ፍየሎች ይሻገሩበታል። ነጋዴው ሸቀጡን ይዘረጋበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጀርባዋ ያለው ተራራ ግን ከ2,000 ሜትር ያልፋል። ደንገጎን በመኪና የወጣ ሰው ያውቀዋል። በዚያች አጭር መንገድ ጆሮ ይደፈናል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ድሬ ታች ቁልቁል ትታያለች። እዚያ የዘነበው ሁሉ በዚያው ቁልቁለት ወደ እኛ ይወርዳል። ስለዚህ ከተማው ላይ ጠብታ ሳይወርድ፣ ኮከብ እየታየ፣ ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። "እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ" የሚባለው የሌላ አገር ውሃ ነው። ደቻቱ አያሳስቅም።

ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ግን ስለ 2012 ዓ.ም. ነው። ያ ዓመት ለብዙዎቻችን የኮሮና ዓመት ሆኖ ቀርቷል። ለእኛ ቤት ግን ከኮሮና በፊትም ብዙ ነገር ነበረው። እሳት ነበር፣ አንበጣ ነበር፣ ጎርፍ ነበር። እሳቱ እህቴ ያለችበት አገር ነው የነደደው። አንበጣው እኛ ጋ ነው የመጣው። ጎርፉ ለሁለታችንም ደረሰን። በጊዜው እያንዳንዱ ለየብቻው የወረደ መዓት ይመስለኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላየውም።

እህቴ የምትኖረው አውስትራሊያ፣ ከሲድኒ በስተምዕራብ፣ ፔንሪዝ አካባቢ ነው። አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ትሠራለች። የእነሱ በጋ የሚገባው እኛ ገናን ስንጠብቅ ነው። በዚያ ዓመት ግን እሳቱ በጋውን አልጠበቀም። መስከረም ላይ ጀመረ። 2019 ለአውስትራሊያ እስከዚያ ከተመዘገቡት ዓመታት ሁሉ በጣም ሞቃታማውና በጣም ደረቁ ነበር። ጫካው ለዓመታት በድርቅ ከርሞ ለመንደድ ተዘጋጅቶ ነበር ማለት ነው። ከሲድኒ ሰሜን ምዕራብ፣ ጎስፐርስ በሚባል ተራራ፣ ጥቅምት ላይ መብረቅ ያስነሳው አንድ እሳት ብቻውን ከ500 ሺህ ሄክታር በላይ አቃጠለ። ለወራት አልጠፋም።

ደውላ የምትነግረኝ ነገር ሁሉ ጭስ ነበር። ጠዋት ስትነሳ ፀሐይዋ ቀይ ናት። በረንዳዋን ስትጠርግ አመድ ነው። ያጠበችው ልብስ ተመልሶ ጭስ ይሸታል። የምትንከባከባቸው ሽማግሌዎች መተንፈስ እያቃታቸው ሌሊቱን ሁሉ ደወል ሲደውሉ ያድራሉ። በኋላ የወጡ ጥናቶች በጭሱ ብቻ ከ400 በላይ ሰዎች እንደሞቱ ገምተዋል። እሳቱ ራሱ በቀጥታ የገደላቸው 33 ናቸው። ከእነሱ ውስጥ እሳት ሲያጠፉ የሞቱ አሉ። እዚያ ገጠር እሳት የሚያጠፉት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ገበሬው፣ መምህሩ፣ መካኒኩ ሥራውን ትቶ ነው የሚወጣው። እህቴ ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ይለወጥ ነበር። "ልክ እንደ እኛ ሰፈር፣ ሰው ሲጮህ ሁሉም እንደሚሮጠው" አለችኝ።

በገና ሰሞን ነገሩ ባሰ። ታኅሣሥ 21 ቀን፣ እነሱ አዲስ ዓመታቸውን ሊቀበሉ ዋዜማው ላይ፣ ማላኩታ በምትባል የባሕር ዳር ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እሳት ሸሽተው ባሕሩ ዳርቻ ላይ ተሰበሰቡ። ሰማዩ በጠዋት ጨልሞ ነበር። ከዚያ ቀላ። የዚያን ፎቶ ዓለም ሁሉ አይቶታል። በቀናት ልዩነት እህቴ ሰፈር፣ ፔንሪዝ፣ ሙቀቱ 48.9 ዲግሪ ገባ። በዚያን ቀን በምድር ላይ ከእሷ ሰፈር የባሰ የሞቀ ቦታ አልነበረም ተባለ። የድሬ ልጅ ናት፤ ሙቀት አያስፈራትም ብዬ ነበር የማስበው። ያን ዕለት ግን "ይሄ የእኛ ሙቀት አይደለም፣ ይሄ ሌላ ነገር ነው" አለች። በሩ አጠገብ ቦርሳ አዘጋጅታ ነበር። ፓስፖርት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የእማዬ ፎቶ።

ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ከፍተን ስናይ እማዬ አንድ ነገር አስተዋለች። የሚነደውን ጫካ ትኩር ብላ አይታ "ባሕር ዛፍ አይደል እንዴ ይሄ?" አለች። ነው። አገሩ እዚያ ነው። ወደ እኛ የመጣው በምኒልክ ዘመን ነው። ዛሬ ከሐረር እስከ ደንገጎ ባለው ተራራ ሁሉ ቆሟል። ቅጠሉ ዘይት አለው። ጉንፋን ሲይዘን አፍልተን የምንታጠነው ለዚያ ነው፤ እሳት የሚወደውም ለዚያው ነው። እማዬ በስልክ "ልጄ፣ ለጭሱ ባሕር ዛፍ ታጠኝበት" ስትላት፣ እህቴ ለአፍታ ዝም አለች። "እማዬ፣ እዚህ ከተማው ሁሉ በባሕር ዛፍ እየታጠነ ነው" አለቻት። ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ።

በአገሪቱ በሙሉ የተቃጠለው መሬት ከ24 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ነው ተብሏል። ከኢትዮጵያ ቆዳ ስፋት አንድ አምስተኛውን የሚያልፍ ማለት ነው። ከ3,000 በላይ ቤት ወደመ። ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ እንስሳ ወይ ሞቷል ወይ ከቦታው ተፈናቅሏል ተብሎ ተገምቷል። ይህን ቁጥር ለእማዬ ልነግራት ሞክሬ ተውኩት። ቢሊዮን ምን ያደርግላታል? እሷ የምትጠይቀው "ልጄ ትተነፍሳለች ወይ?" ነው።

በዚያው ሳምንታት እኛ ጋ አንበጣ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ በሐረርጌ፣ በሶማሌ፣ በድሬ ዙሪያ ሲያንዣብብ ከርሟል። ማሽላው ላይ ሲያርፍ መሬቱ ሮዝና ቢጫ ይሆናል። ገበሬው ጀሪካን ይደበድባል፣ ጅራፍ ያስጮኻል፣ ልጆች እየጮሁ ይሮጣሉ። መንጋው ተነስቶ የጎረቤቱ ማሳ ላይ ያርፋል። ገና ካለፈ በኋላ ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ የመጣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ማረፍ አቅቶት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። አንበጣው የፊት መስታወቱ ላይ ተለጥፎ አብራሪው ማየት አልቻለም። ድሬ ውስጥ ለሳምንት ያህል ሌላ ወሬ አልነበረም።

"ስምንተኛው ሺህ ነው" ያለች ጎረቤታችን ብቻ አይደለችም። እሳት እዚያ፣ አንበጣ እዚህ፣ በሽታ ቻይና። ሰው እንዲህ ቢያስብ አልፈርድበትም። እኔን ግን ያኔ ነው ጥያቄው የያዘኝ። ለምን አንድ ላይ? ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። ያገኘሁት መልስ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

በእህቴና በእኔ መካከል ያለው ባሕር አንድ ነው። የህንድ ውቅያኖስ ይባላል። በአንዳንድ ዓመት የዚህ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ወገን፣ ማለትም ወደ ሶማሊያ ጠረፍ ያለው፣ ከተለመደው በላይ ይሞቃል። ምሥራቃዊው፣ ወደ ኢንዶኔዥያና አውስትራሊያ ያለው፣ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ዝናብ የሞቀ ባሕር ይከተላል። ስለዚህ ደመናው ወደ እኛ ይመጣል፤ እዚያ ይደርቃል። ሳይንቲስቶቹ ይህን መፈራረቅ ለዓመታት ሲለኩት ኖረዋል። በ2012 መግቢያ ላይ የታየው ልዩነት ከተመዘገቡት ሁሉ በጣም ከበረቱት አንዱ ነበር። አውስትራሊያ የዝናቧን ድርሻ አጣች። ምሥራቅ አፍሪካ ከድርሻው በላይ ወሰደ። በዚያ መኸር ከባሌ ተራሮች የሚነሳው ዋቤ ሸበሌ ሞልቶ በለድወይን የምትባለውን የሶማሊያ ከተማ አሰጠማት።

አንበጣውም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። መነሻው በ2010 መጨረሻና በ2011 መጀመሪያ ከባሕር ተነስተው ዓረብ ምድር ላይ የወረዱ ሁለት ትልልቅ አውሎ ነፋሶች ናቸው። ሩብ አል ኻሊ የሚባለው ሰው የማይኖርበት በረሃ ሐይቅ ተኛበት። እርጥብ አሸዋ ለአንበጣ እንቁላል ምቹ ነው። ማንም ሳያየው ትውልድ በትውልድ ላይ ተራባ። ከዚያ ወደ የመን ወረደ፣ ባሕሩን ተሻገረ፣ እኛ ጋ ሲደርስ የበዛው ዝናብ ሣሩን አለምልሞ ጠበቀው። ታኅሣሥ ላይ ሌላ አውሎ ነፋስ ሶማሊያ ላይ ወደቀና እንደገና መራቢያ አዘጋጀለት።

ይህን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ እህቴን ስሰማት ሌላ ሰው ሆኜ ነበር የምሰማት። የእሷ ሰማይ ያጣው ደመና የእኛን ማሳ ነበር ያረጠበው። የማንም ጥፋት አይደለም። ግን እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ካወቅህ በኋላ የሰው አገር ችግር ብለህ ማለፍ ያቅትሃል።

ከዚያ ዝናቡ መጣላቸው። ጥር መጨረሻ ላይ ጀምሮ በአራት ቀን ሲድኒ ላይ 391.6 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ድሬ በዓመት ሙሉ ከምታገኘው ከግማሽ በላይ ነው። ከ30 ዓመት ወዲህ እንዲህ አልዘነበም ተባለ። የመጀመሪያው ቀን እህቴ ቪዲዮ ላከችልኝ። ደጅ ወጥታ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች፣ ዝናቡ ያጥባታል። የምትሠራበት ቦታ ያሉት አሮጊቶች መስኮት ላይ ተደርድረው ያያሉ። ያ የጎስፐርስ እሳት፣ ሺህ ሰው ያላጠፋው፣ በዚያ ዝናብ ጠፋ። ለመጀመሪያ ጊዜ በክልሏ ያሉት እሳቶች በሙሉ በቁጥጥር ሥር ዋሉ ተባለ።

ቀጥሎ የላከችልኝ ሌላ ነበር። መንገዱ ሰጥሟል። ዛፍ ወድቆ መኪና ላይ ተኝቷል። መብራት ጠፍቷል፤ ያን ሰሞን ከ100 ሺህ በላይ ቤት ጨለማ ውስጥ አድሯል። ውሃው ደግሞ ጥቁር ነበር። ከተቃጠለው ጫካ አመዱን ጠርጎ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙ ወደ ግድቡ ያወርደው ነበር። ለሲድኒ አብዛኛውን የመጠጥ ውሃ የሚሰጠው ዋራጋምባ ግድብ በድርቁ ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። በቀናት ውስጥ ከ70 በመቶ በላይ ሞላ። ግን አመዱ ወደ መጠጫው እንዳይገባ ውሃው ላይ ተንሳፋፊ መጋረጃ እስከ መዘርጋት ደርሰዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ አመድ የገባበት ወንዝ ላይ ዓሣው በብዛት ሞቶ ተንሳፍፏል።

"ውሃው ሲመጣ ድምፁን ሰማሁት" አለችኝ በዚያ ምሽት። "ደቻቱ ትዝ አለኝ።"

በቤታችን ይህ ስም በዚህ ቃና ከተጠራ ስለየትኛው ሌሊት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም.፣ ለእሑድ አጥቢያ። ያኔ ከደቻቱ ዳር ነበር የምንኖረው። ሁላችንም ተኝተናል። መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ውሃ አይመስልም ነበር። ድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጨ የሚመጣ ድምፅ ነው። ከተራራው የተነሳ ድንጋይ፣ ግንድ፣ ቆርቆሮ፣ ሁሉም አንድ ላይ። አባዬ በሩን ሊከፍት ሲል እማዬ "አትክፈት!" ብላ ጮኸች። ውሃው ግን በበሩ ሥር ገብቶ ነበር። በጓሮ በኩል አጥር ዘለን ጎረቤት ያለው ፎቅ ላይ ወጣን። እህቴ ታናሼን አዝላ ነበር። መብራት የለም። ታች ሰው ይጮኻል፣ ማን እንደሆነ አይታይም። ስም እየጠራን እንጮኻለን፤ አንዳንዱ ይመልሳል፣ አንዳንዱ አይመልስም።

ሲነጋ ሰፈሩ አልነበረም። ቤት የነበረበት ቦታ ጭቃ ነው። ፍራሽ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። መኪና በአፍንጫው ተተክሏል። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። የደረሱበት ያልታወቀም ብዙ ናቸው። ቤቱን ያጣው ሰው በሺዎች ነው። የእህቴ የክፍል ጓደኛ ከታናናሾቿ ጋር ከዚያ ሌሊት በኋላ አልተገኘችም። ድንኳኑ ሁሉም ሰፈር ነበር። መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ቀኑን ሙሉ ቀብር ነበራቸው። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ አማራው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው አብሮ ቆፈረ። ድሬ እንዲህ ናት፤ ስለ ፍቅሯ ብዙ ይባላል፣ እኔ ግን ያን ሰሞን ያየሁት ይበቃኛል። በዚያው ክረምት፣ ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ኦሞ ወንዝ ደቡብ ኦሞ ላይ ሞልቶ ከ300 በላይ ሰው ወሰደ። አገሩ ሁሉ ለቅሶ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ደቻቱ ዳር ግንብ ተሠራ። ለተፈናቀሉትም ቤት ተሠራ። ግንቡ ጥሩ ነው። እኔ ግን ከእህቴ ጋር በ2012 ካወራን በኋላ ዓይኔ ከግንቡ ተነስቶ ወደ ተራራው ሄደ።

እሳት ያለፈበት አፈር ውሃ አይጠጣም። ቅጠሉና ሥሩ ሲነድ የሚወጣው ዘይትና ሰም ወደ አፈሩ ይገባና ሲቀዘቅዝ ይደርቃል። ከዚያ ዝናብ ሲወርድበት እንደተሟሸ ምጣድ ያንከባልለዋል። ጥላ የሚሆን ቅጠል የለም። ጠብታውን የሚቀበል የወደቀ ቅጠል የለም። አፈሩን የሚይዝ ሥር የለም። ድሮ በሰዓታት እየተንጠባጠበ ወደ ወንዝ ይገባ የነበረው ውሃ በደቂቃዎች ይደርሳል። ለዚህ ነው ከእሳት በኋላ ጎርፍ የሚከተለው። እሳቱና ጎርፉ ሁለት መዓት አይደሉም። አንዱ የሌላውን በር ይከፍታል።

እና የእኛን ተራራ አሰብኩ። የደንገጎን ቁልቁለት የሚያይ ሰው ድንጋይ ነው የሚያየው። አሮጊቶች ሲያወሩ ግን እዚያ ወይራና ጥድ ነበር፣ ከርከሮ ነበር፣ ሲመሽ ጅብ ሳይሆን ነብር ነበር የሚፈራው ይላሉ። ያ ጫካ የት ሄደ? ሰደድ እሳት አልበላውም። በዜና የቀረበ ጭስ አልነበረም። እኛ ግን አቃጥለነዋል። በምድጃ፣ በቤታችን፣ በየዕለቱ። በአህያ እየተጫነ ወረደ፣ በሴቶች ጀርባ ወረደ፣ በጆንያ ከሰል ሆኖ ወረደ። ቀሪው ለእርሻ ተመነጠረ፣ ፍየል ጋጠው። ሌላው ጋ በአንድ በጋ የነደደው እዚህ በሁለት ሦስት ትውልድ ነደደ። መጨረሻው ግን ያው ነው። ራቁት ተራራ፣ ታች የተኛች ከተማ።

ይህን ስል ጎህ ሳይቀድ ማገዶ ተሸክማ የምትወርደውን እናት መክሰሴ አይደለም። እሷ ልጅ ታሳድግበታለች። መብራት በጠፋ ቁጥር እኛም ከሰል ፍለጋ እንወጣለን። ቡናችን በከሰል፣ ሐሸራችን፣ የቡና ገለባው ሻይ፣ በከሰል፣ በዓሉ በከሰል። ሌላ ምድጃ፣ ሌላ ገቢ ሳይሰጧት "ዛፍ አትቁረጪ" ብሎ መቆጣት ቀላል ነው። በዚህ ጉዳይ የሚደረገው ስብሰባ ሁሉ ከእሷ ቢጀምር ደስ ይለኛል።

ደግሞ ሰደድ እሳትም ቢሆን አገራችንን አያውቅም ማለት አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ባሌና ቦረና ለሳምንታት ነድዷል። ያ ዓመት ጎዴ ላይ ሕፃናት በድርቅ ያለቁበት ነው፤ ያው ድርቅ ነው ጫካውንም ያደረቀው። ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ገበሬው ቅጠልና አካፋ ይዞ ዘመተ። ከደቡብ አፍሪካም ባለሙያ መጣ። የመጨረሻውን ሥራ የሠራው የበልጉ ዝናብ ነው። ወደ እኛ በቀረበው ደግሞ የአሰቦት ገዳም ደን በ2004 ዓ.ም. ተቃጥሏል። ቤተ ክርስቲያንና ገዳም ጠብቀው ያቆዩልን ዛፎች ናቸው በአገሩ ከቀሩት ጥቂቶቹ። እነሱ ሲነዱ ሌላ ዘር የምንሰበስብበት ቦታ የለም።

ወደ 2012 ልመለስ። ሚያዝያ ላይ ኮሮና ገብቶ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር። ሰው እጁን እየታጠበ፣ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። በዚያ መሀል የበልጉ ዝናብ ተራራው ላይ ወረደና ድሬ በድጋሚ ጎርፍ መጣባት። ቢያንስ አራት ሰው ሞተ። ቤት ፈረሰ፣ ንብረት ሄደ። ከ1998ቱ ጋር አይወዳደርም፤ ግን ሰው ቤታችሁ ተቀመጡ በተባለበት ሰሞን ቤቱ ውስጥ ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሰማው አስቡት።

ያኔ የደወለችው እህቴ ናት። እዚያ ሌሊት ነበር። "እማዬ የት ናት? ውሃው የት ደረሰ?" እኛ ከ1998 በኋላ ወደ ሳቢያን በኩል ተዛውረናል፤ ደህና ነበርን። እሷ ግን እስክታያት አላመነችም። ቪዲዮ ከፍቼ እማዬን አሳየኋት። ከጥቂት ወር በፊት እኔ ነበርኩ "አሳዪኝ፣ እሳቱ የት ደረሰ?" እያልኩ የማስቸግራት።

ያን ሌሊት ብዙ አወራን። አንድ ፎቶ ላከችልኝ። ከቤቷ ራቅ ብሎ ያለ የተቃጠለ ጫካ ነው። ግንዱ ሁሉ ከሰል ሆኗል። ከግንዱ ላይ ግን፣ ከታች እስከ ላይ፣ አረንጓዴ ቅጠል በቅሏል። ባሕር ዛፍ እንዲህ ነው። ሲቆረጥ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጠው ሲቃጠልም ከግንዱ ያቆጠቁጣል። ለእማዬ ሳሳያት "የእኛ ጥድ ግን እንዲህ አይችልም" አለች። ልክ ናት። ወይራና ጥድ ጊዜ ይፈልጋሉ፤ አንዴ ከሄዱ በአንድ ክረምት አይመለሱም። ለዚህ ነው ክረምት ላይ ችግኝ ስንተክል "ቶሎ የሚያድግ ይሻላል" ብለው ባሕር ዛፍ ከሚመርጡት ጋር የምከራከረው። ለማገዶ ይተከል፣ ሌላውን ዛፍ ከመቆረጥ ያተርፋል። ግን ለተራራው ግንባር ወይራ፣ ጥድ፣ ግራር ይሁን። ከችግኙ በፊት ደግሞ እርከኑና ጉድጓዱ ይቅደም። ውሃውን አንድ ቦታ ትንሽ ያስቆመው ነገር ሁሉ ድሬን ይጠቅማል።

እህቴ ስልኳ ላይ እሳቱ የት እንዳለ በካርታ የሚያሳይ አፕ ነበራት። አደጋው ሲቀርብ በስልክ መልእክት ይመጣላታል፦ ውጪ፣ ወይም አሁን ረፍዷል፣ ባለሽበት ተጠለይ። ያን ሳስብ እቀናለሁ። ድሬ ውስጥ ስልክ የሌለው ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ደንገጎ ላይ ዝናብ ከጀመረ ውሃው እኛ ጋ እስኪደርስ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ግን ልጅ ለመቀስቀስ፣ አሮጊት ይዞ ወደ ከፍታ ለመውጣት ይበቃል። በ1998 ያን ያህል ጊዜ ያገኘ ሰው ነው የተረፈው። ይህን ለመሥራት ትልቅ ገንዘብ አይጠይቅም ብዬ አምናለሁ። ተራራው ላይ የሚያይ ሰው፣ ታች የሚሰማ ሰው፣ በመሀል መልእክት።

በቅርቡ ወደ ድሮ ሰፈራችን ወረድኩ። ወንዙ አጠገብ አዳዲስ ክፍሎች ተሠርተው ይከራያሉ። አንድ ወጣት ባልና ሚስት አዲስ ገብተዋል፣ ጨቅላ አላቸው። እማዬ አብራኝ ነበረች፤ ውሃው ያኔ እስከ የት እንደደረሰ በእጇ እያሳየች ነገረቻቸው። ባልየው በጥሞና ሰማት። ከዚያ "እትዬ፣ እናውቃለን። ግን ኪራዩ እዚህ ነው የሚቀለው" አላት። እማዬ ምንም አላለችም። እኔም ውጡ ልላቸው አልችልም፤ የት ይሄዳሉ? ደንገጎ ላይ ሱቅ ያለው ዘመድ አለን። ዝናብ ሲበረታ ሁልጊዜ ለእኛ ይደውላል። ቁጥሩን ሰጠኋቸው፣ የእነሱንም ለእሱ ላክሁለት። በየትኛውም ሰዓት እደውላለሁ ብሏል።